ድንኳን የሌለው እድር

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 38 ዓመቴ ነው። በአንድ የክልል ከተማ ጠበቃ ነኝ። አራት ዓመት ዳኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ጥብቅና ከጀመርኩ ደግሞ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የከተማችን ጠበቆች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ አለው። አንጋፋ ባልደረቦቼ ቢሮዬ ድረስ መጥተው "ሊቀመንበር ሁኚልን" አሉኝ። እንቢ ለማለት አፍ አጣሁ። እሺም አላልኩም።

ማኅበሩ ማኅተምና ታፔላ አለው። ሌላ ብዙ ነገር የለውም። አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው። መዝገብ ላይ 84 ነን፤ ዘንድሮ መዋጮ የከፈልነው 31 ነን። የአሁኑ ሊቀመንበር ሰባት ዓመት ቆይተዋል። ጥብቅና ስጀምር ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይከፋቸዋል ብዬ እጨነቃለሁ። ባለቤቴ "ማኅበር እንጀራ አይሆንም" ይለኛል፤ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። ዳኞቹ ፊት በየቀኑ እቆማለሁ። ስለ ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ብናገር ደንበኞቼ ላይ ይወጣል ብዬ እፈራለሁ። ደግሞ የመረጡኝ ሴት ስለሆንኩና ብዙ ስለማልናገር ይመስለኛል።

ግን አንድ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ባልደረባችን ደንበኛውን ሊያይ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። "አትገባም"፣ "እገባለሁ" ሲባባሉ እሱንም እስከ ማታ አቆዩት። ማኅበሩ አንድ መስመር ደብዳቤ አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም። ነገሩ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ምን ይመክሩኛል? ስሜና ከተማዬ ይቅር።»

መልስ፦

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ብዬ ልጻፍልሽ።

ተቀበዪ። ሽማግሌዎቹ ስለለመኑሽ አይደለም። ደብዳቤሽ መጨረሻ አካባቢ «እኔም አልጻፍኩም» ስላልሽ ነው። እኔ በአንድ የሙያ ማኅበር ሥራ አስፈፃሚ ውስጥ ስድስት ዓመት አሳልፌያለሁ። «ማኅበሩ አልሠራም» የሚል ሰው በየስብሰባው ሞልቶ ነበር። ራሱን ጨምሮ የሚወቅስ ግን ብዙ አላየሁም። እንደዚያ ማለት የሚችል ሰው ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

እሺታሽን ግን ዛሬ አትስጫቸው። ሦስት ሳምንት አለሽ፤ ሦስቱንም ተጠቀሚባቸው።

በመዋጮው ልጀምር። 84 አባል፣ 31 ከፋይ። ይህን ያየ አዲስ አመራር አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ውዝፍ በመሰብሰብ ነው። ያልከፈሉትን ስም ዝርዝር ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ሰው ይቀየማል። ሦስት አራት ሰው ይከፍልና ነገሩ ይረሳል። እኛም እንደዚያ አድርገን አይተነዋል።

እስቲ ስለ እድር አስቢ። ከእነዚያ ካልከፈሉት 53 ጠበቆች አብዛኞቹ የሰፈራቸውን እድር ወር ሳያሳልፉ እንደሚከፍሉ አልጠራጠርም። ስም ሲጠራ «አለሁ» ይላሉ። ከቀሩ ይቀጣሉ፤ ቅጣቱንም ሳያጉረመርሙ ይከፍላሉ። ሐዘን የደረሰ ዕለት ድንኳኑ ደጃቸው እንደሚተከል ያውቃሉ። ሲተከል በዓይናቸው አይተዋል፤ ራሳቸውም ካስማ ይዘዋል። የእናንተን ማኅበር ድንኳን ግን ያየ የለም። ያ ልጅ ጣቢያ የዋለ ዕለት መተከል ነበረበት። ሳይተከል መዋሉን 84ቱም አይተዋል። መዋጮው የቀረው በስንፍና ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከመዋጮው በፊት ድንኳኑን ትከዪ። ከተመረጥሽ በመጀመሪያው ወር ተረኛ ስልክ ይኑራችሁ። አንድ ሲም ካርድና የተራ ሰንጠረዥ ይበቃል። በየሳምንቱ ሁለት አባላት ተረኛ ይሆናሉ። አንድ ጠበቃ ጣቢያ በር ላይ ሲከለከል ወይም ራሱ ሲያዝ፣ የሚደወለው ወደዚያ ስልክ ነው። ተረኞቹ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። አንዱ ከጣቢያው ኃላፊ ጋር ይነጋገራል፤ ሌላው በስንት ሰዓት ማን ምን እንዳለ ይጽፋል። ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። በማግሥቱ ጠዋት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለጣቢያው ይገባል፤ ግልባጩ ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል። ቀንና የገቢ ቁጥር የተጻፈበት ቅጂ ፋይላችሁ ውስጥ ይቀራል።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 2 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው የሕግ አማካሪው እንዲጎበኘው ዕድል ይሰጠዋል። እሱን ጥቀሱ። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ የወጣ የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሆዎች ሰነድ አለው። ጠበቃ ሥራውን ስለሠራ ከደንበኛው ወይም ከደንበኛው ጉዳይ ጋር አንድ ተደርጎ እንዳይታይ ይላል። እሱንም ጨምሩበት። ያ ልጅ የደረሰበት ነገር በትክክል ይኸው ነበር።

ፌስቡክ ላይ መግለጫ ማውጣት የኋላ ነገር ይሁን። አንድ ደብዳቤ መልስ ሲያጣ፣ ሁለተኛውም ሲያጣ፣ ያኔ በአደባባይ ተናገሩ። የደብዳቤዎቹን ቀን እየጠራችሁ ስትናገሩ ማንም «ጩኸት ነው» ሊላችሁ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድመሽ ከልብሽ ጋር ተማከሪ። ያ ስልክ የሚጮኸው ሁልጊዜ ለምትወጂው ባልደረባ አይደለም። አንድ ቀን በብሔር ጉዳይ ከአንቺ ጋር ዓይን ለዓይን ለማይተያይ ሰው ይጮኻል። ወይም አገር በሙሉ የጠላው ተከሳሽ ጠበቃ ለሆነ ሰው። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ብታመነቺ አባላቱ ይቆጥሩታል። ማኅበር ሲሰነጠቅ ያየሁት በትልቅ ጠብ አይደለም። ለአንዱ በሰዓቱ ተሂዶ ለሌላው «እስቲ እንጠይቅ» የተባለ ዕለት ነው። ተራው በሰንጠረዥ የሚወጣውም ለዚህ ነው። «እንሂድ ወይስ እንቅር» የሚል ስብሰባ አይኑር።

አሁን ወደ ዳኞቹ ልምጣ። ከሁሉም በላይ ሊያስጨንቅሽ የሚገባው ይህ ነው። አንቺ ግን የፈራሽው ግማሹን ብቻ ነው።

የፈራሽው ዳኞቹ እንዳይቆጡብሽ ነው። እኔ የምፈራልሽ ሰው «ዳኞቹ ይወዷታል» እንዳይልሽ ነው። ከተመረጥሽ በወሩ አዲስ ደንበኛ መምጣት ይጀምራል። «የጠበቆቹ አለቃ ናት፤ ከፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጋር ትሰበሰባለች» ተብሎ። ቀድሞ ዳኛ ስለነበርሽ ደግሞ ይህ በአንቺ ይብሳል። ደላሎቹ በስምሽ ሰው ያመጣሉ፤ አንቺ ላታውቂ ትችያለሽ። ስለዚህ «ሊቀመንበር» የሚለውን ቃል ከቢሮሽ ታፔላና ከቢዝነስ ካርድሽ ላይ አርቂው። ለአዲስ ደንበኛ በመጀመሪያው ቀን «ማኅበሩ ለመዝገብህ ምንም አይጨምርም» በዪው። ለዚያ ብሎ የመጣ ይሄዳል። ይሂድ። ገንዘቡ ያሳዝናል፤ አውቃለሁ።

ወደ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ብቻሽን አትሂጂ። ለቡናም ቢሆን። ሁልጊዜ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። የምትነጋገሩበትን ቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩ። የአንዳችሁም መዝገብ እዚያ ወረቀት ላይ አይግባ። ስትመለሱ የተባለውን በዚያው ቀን ለአባላት አሳውቁ። ያኔ «ውስጥ ገብታ ምን ብላ ወጣች» የሚል ሰው ወሬ ያጣል።

ቅሬታችሁን ስትወስዱም በአንድ ዳኛ ስም አትጀምሩ። ከአሥር አባላት ሰብስቡት። የውሳኔ ግልባጭ ስንት ቀን ይፈጃል? ሬጅስትራር መስኮት ላይ መዝገብ ለመክፈት ስንት ሰዓት ይቆማል? በየትኛው ቀን ችሎት ተሰይሞ ሳይሠራ ዋለ? ቀንና ቁጥር ያለው ነገር የማንም ቂም አይመስልም። በእርግጥ ያጠፋ ዳኛ ካለ ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በጽሑፍ ይቀርባል። በኮሚቴው ውሳኔ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በሁላችሁም ፊርማ። በአንቺ ብቻ አይደለም።

የራሳችሁንም ጥፋት ይዛችሁ ሂዱ። ዳኛ ነበርሽና ታውቂዋለሽ፤ ቀጠሮ የሚራዘመው በችሎቱ ብቻ አይደለም። «ጠበቃዬ ሌላ ችሎት አለበት» እየተባለ ስንት መዝገብ ተመለሰ? ምስክር ከገጠር አምስት ሰዓት ተጉዞ መጥቶ በጠበቃ ምክንያት ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሴትዮዋ የመመለሻ ትራንስፖርት አልነበራትም፤ ከእኛው ለምና ነው የሄደችው። አሁንም ሳስታውሳት ያመኛል። እንግዲህ ማኅበሩ «አባሎቻችን በሰዓቱ እንዲገኙ እኛ ይህን እናደርጋለን» ብሎ ከገባ፣ ፕሬዚዳንቱ የቀረውን ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ።

ከፍርድ ቤቱ ጋር የሚያቀራርባችሁ ሌላም መንገድ አለ። አጥሩ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉትን ታውቂያቸዋለሽ። ድሃው ያለችውን ከፍሎ ያጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ክሱ ከሥር ተበላሽቶ ይገባል። በፌዴራሉ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ፣ በቁጥር 57/1992፣ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ተደንግጎ ነበር። ቁጥሩን ለመለኪያ ያህል ውሰጂው። የከፈላችሁት 31 ሰዎች ብቻ እንኳ 50 ሰዓት ብትሰጡ በዓመት 1,550 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ጠበቃ ይቀመጥ። ወጣቶቹን ከነባሮቹ ጋር አጣምሪያቸው። ወጣቱ ሥራ ይማራል፤ ነባሩ ሰው ይጠይቀዋል። በትክክል የተጻፈ ክስ ለዳኛውም እፎይታ ነው።

«ይህ ሁሉ በእኛ አቅም?» እንደምትዪ ይገባኛል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1987 ሲመሠረት መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቿ ጥቂት ሴቶች ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ በጠለፋ ተወስዳ ጠላፊዋን ለገደለች የ14 ዓመት ልጅ ቆሙላት፤ ልጅቷ ራስን መከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን ከ15 ወደ 18 ከፍ ላደረገው ለ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ብዙ ታግለዋል። ዋጋም ከፍለውበታል። በ1994 መግቢያ ላይ ማኅበሩ ታግዶ፣ የባንክ ሒሳቡም ታስሮ ነበር፤ እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። በ2001 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621 መጣ። በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከለ። ማኅበሩ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ሥራውም ጠበበ። አዋጁ የተተካው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ነው። እኔ ከዚህ የያዝኩት ለራሴ ነው። የማኅበር ጉልበቱ ከአባላቱ ኪስ የወጣው ብር ነው፤ ትንሽም ብትሆን የውጭ ገንዘብ ሲገደብ አብራ አትዘጋም። መዋጮውን አትናቂው ማለቴ ነው። ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ሰብስቢው።

የእናንተ ነገር ከፌዴራሉ እንደሚለይም አትርሺ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ፈቃድ ያለውን ሁሉ አባል ያደርጋል። አንቺ ጋ ግን ሰው በፈለገ ሰዓት ትቶሽ መሄድ ይችላል። በትእዛዝ የምትይዢው አንድም ሰው የለሽም።

«ሴት ስለሆንኩ ነው» ያልሽው እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን ገንዘብ ያዥ ያደረጉኝ ሴት ስለሆንኩ ነው፤ «ሴት አትሰርቅም» ተብሎ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሊቀመንበሩ አስተማሪዬ ነበሩ። ቼክ ያመጡልኛል፣ «ደረሰኙ ይመጣል» ይሉኛል፣ እፈርማለሁ። እንዴት እሳቸውን «መጀመሪያ ደረሰኙን» ልበላቸው? ኦዲተር ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የተገኘው የእኔ ፊርማ ነው። አዳራሽ ካከራየን ሆቴል፣ ካተመልን ማተሚያ ቤት፣ ደረሰኝ ስለምን ሦስት ወር ዞርኩ። ያልተገኘውን ከደመወዜ ከፈልኩ። ሰውዬው አልሰረቁም፤ ዝርክርክ ነበሩ። እኔ ደግሞ በአክብሮት ስም ሥራዬን አልሠራሁም።

ስለዚህ ለእነዚያ ሽማግሌዎች ሁለት ነገር በግልጽ በያቸው። አንደኛ፣ ምክትሉን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን አብረሽ እንድታዪ። ብቻሽን አስመርጠውሽ ኮሚቴውን በማይመጡ ሰዎች ከሞሉት፣ ጠረጴዛውም ወንበሩም አንቺ ትሆኛለሽ። ሁለተኛ፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቃለ ጉባኤና የአባላቱን መዝገብ ከምርጫው በፊት እንድታዪ። ፊታቸው ቢከፋ የፈለጉት ዝም የምትል ሴት ነበር ማለት ነው። ያኔ በጊዜ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ካመጡልሽ ግን ከልባቸው ነው የመጡት።

ሊቀመንበሩ አስተማሪሽ ናቸው። ከጉባኤው በፊት ቤታቸው ሂጂ። ቢሮ አይደለም፣ ቤታቸው። ወሬውን ከሰው ከሚሰሙት ከአንቺ ይስሙት። «እርስዎ ካልመረቁኝ አልገባበትም» ብትያቸው ውሸት አይሆንም፤ ልብሽ እንደዚያ እንደሚል ከደብዳቤሽ ይታያል። ሰባት ዓመት ያለ ክፍያ ያን ማኅተም ጠብቀዋል። ያ ቀላል አይደለም። በጉባኤው ፊት ያለፈውን እያነሣሽ አታሳፍሪያቸው። በአባላት መካከል ጠብ ሲነሣ የሚያስታርቅ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ እሳቸውን ለምኚያቸው።

ርክክቡ ግን በጽሑፍ ይሁን። ማኅተሙ ማን እጅ ነው? ስንት ነው? የባንክ ፊርማው የእነማን ነው? ያልተከፈለ ዕዳ አለ? ይህ ሁሉ ተጽፎ፣ እሳቸውም አንቺም ፈርማችሁ ይቀመጥ። ቅር ካላቸው የእኔን ታሪክ ንገሪያቸው።

ባለቤትሽ ልክ ነው፤ ማኅበር እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ ቁጥር ይዘሽ አነጋግሪው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት፣ ከዚያ በላይ አይደለም። አንድ የምርጫ ዘመን ብቻ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ከባዱን ሥራ፣ ደንብ ማሻሻሉንና መዝገብ ማጥራቱን፣ ፍርድ ቤቱ በክረምት እረፍት ሲዘጋ ሥሪው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ቀናት ከአሁኑ አስቀምጪና ለኮሚቴው ንገሪ። ስልክሽ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይዘጋ፤ ተረኛ ስልክ ያቋቋምሽው ለዚህም ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ለዚያ ወጣት ደውዪለት። ነገ ጠዋት። ያን ቀን ጣቢያ ሲውል ማን እንዲመጣለት ይጠብቅ እንደነበር ጠይቂው። ሲነግርሽ አታቋርጪው። ከዚያ በተረኞቹ ሰንጠረዥ ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ከአንቺ ጋር ይይዝ እንደሆነ ጠይቂው።